ከማሽላ እስከ ቀርከሃ፦ የአሶሳ ማድቤት ኬሚስትሪ

ከማሽላ ፍሬ ክብደት ውስጥ 70 ከመቶ ያህሉ ስታርች፣ 10 ከመቶ ገደማው ፕሮቲን፣ 3 ከመቶ ገደማው ደግሞ ቅባት ነው፤ የቀረው ውኃ፣ አሰርና ማዕድን ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በዋናነት የተሠራባቸው ስድስት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር፣ በዚህች ትንሽ ፍሬ ውስጥ ይገኛሉ። አሶሳ በምትገኝበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ማሽላ ከዋነኞቹ እህሎች አንዱ ነው። በርታውም ጉሙዙም፣ ከወሎ መጥቶ የሰፈረውም ገበሬ ይበላዋል፣ ይጠጣዋል። የማድቤት ሙያ ከነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱንም አይፈጥርም፤ የሚሠራው በመካከላቸው ባለው ትስስር ላይ ነው። አንዱን ይፈታል፣ ሌላውን ያጠብቃል፤ መሣሪያዎቹም ውኃ፣ ሙቀትና ጊዜ ናቸው።

የትስስሩ ሁሉ መነሻ ካርቦን ነው። አንድ የካርቦን አተም በአንድ ጊዜ አራት ትስስር መፍጠር ስለሚችል ረጃጅምና ቅርንጫፍ ያላቸው ሞለኪውሎች ይሠሩበታል። የማሽላ ቅጠል ከአየር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሥሩ ከመጣው ውኃ ጋር አዋህዶ በፀሐይ ጉልበት ግሉኮስ ያደርገዋል። ግሉኮሶቹ በአንድ አኳኋን ሲያያዙ ስታርች፣ በሌላ አኳኋን ሲያያዙ ሴሉሎስ ይሆናሉ። ፍሬው ለገንፎ፣ አገዳው ለማገዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስኳሩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የመገጣጠሚያው አቅጣጫ ብቻ ነው። የሰው ሆድ የመጀመሪያውን ትስስር የሚቆርጥ ኢንዛይም ሲኖረው የሁለተኛውን የሚቆርጥ የለውም። ላምም ብትሆን ለራሷ የላትም፤ አገዳውን የሚፈጩላት በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው።

ጥሬ ስታርች በጠጣር ቅንጣቶች ውስጥ ተጠቅጥቆ የተቀመጠ በመሆኑ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፍረውም። የማሽላ ስታርች ውኃ መጥጦ የሚያብጠው ከ68 እስከ 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላባት 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ለገንፎ ግን ይህ ከበቂም በላይ ነው። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ቢገለበጥ ውጪው ወዲያው ያብጥና ውስጡን በደረቁ ይዘጋዋል፤ ገንፎ የሚጓጉለው እንዲህ ነው። ባለሙያ ሴት ዱቄቱን ቀስ እያለች እየነሰነሰች በማማሰያ ከድስቱ ግድግዳ ጋር የምታሸው እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱን ውኃ እንዲያገኝ ነው። ክንድ የሚያዝለው ደረጃ የሚመጣውም ቅንጣቶቹ አብጠው እርስ በርስ ሲተሻሹ፣ ከውስጣቸው የወጡት ረጃጅም ሰንሰለቶችም ውኃውን ሲይዙት ነው።

የሙያው ረቂቅ ክፍል ብቅል ነው። ማሽላው ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ እርጥበቱን እንደያዘ ተሸፍኖ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ጽንስ ይነቃል። ጽንሱ የሚበላው ይፈልጋል፤ ምግቡ ግን የተቆለፈ ስታርች ነው። ስለዚህ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመነጫል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሥራውን ሠርቶ ራሱ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ የሚያልፍ፣ በትንሽ መጠን ብዙ የሚሠራ ፕሮቲን። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሥር ያወጣው እህል ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እድገቱ ይቆማል፤ ኢንዛይሙ ግን በደረቁ ፍሬ ውስጥ ሳይጎዳ ይቆያል። ብቅሉ ተፈጭቶ ማማሰያ ሊያቆም በሚችል ገንፎ ላይ ሲጨመር ገንፎው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል፤ ጥቂት ሲቆይም ይጣፍጣል። ስኳር የጨመረበት የለም፤ ረጅሙ ሰንሰለት ተቆራርጦ ነው። ገንፎው እጅ እስኪችለው መቀዝቀዝ ያለበትም ለዚሁ ነው። በፈላ ነገር ላይ የተጨመረ ብቅል ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል፤ ቅርጹን ያጣ ኢንዛይም ደግሞ ምንም አይቆርጥም። በክልሉ ትምህርት ቤቶች ኢንዛይምን ለማስተማር ውድ ቤተ ሙከራ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ጭብጥ የብቅል ዱቄትና ሁለት ሳህን ገንፎ፣ አንዱ የሚያቃጥል አንዱ ለብ ያለ፣ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጥ ያስረዳሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለረቂቃኑ ይተላለፋል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የታወቀው ቦርዴም ሆነ ሌላው የማሽላ መጠጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችና የእርሾ የጋራ ሥራ ነው። ባክቴሪያው አንዱን ግሉኮስ ለሁለት ከፍሎ ላክቲክ አሲድ ያደርገዋል፤ እርሾው ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል። አረፋው ይኸው ጋዝ ነው። ሁለቱም ከአንድ ግሉኮስ የሚያተርፉት ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው፤ ኤቲፒ ማለት ሕያው ሕዋስ ሁሉ ጉልበት የሚያንቀሳቅስበት ፎስፈረስ ያለበት ሞለኪውል ነው። በኦክስጅን የሚተነፍስ የሰው ሕዋስ ከዚያው ግሉኮስ 30 ያህል ያገኛል። መጠጡ ከጎመዘዘ በኋላም የሚበላ፣ የሚያጠግብ ሆኖ የሚቀረው ረቂቃኑ ጉልበቱን አሟጥጠው ስላልወሰዱት ነው። ጉምዛዜው ራሱም ጠባቂ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4 በታች ሲወርድ በሽታ አምጪ የሆኑ ብዙ ባክቴሪያዎች አይራቡበትም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ፍሬው ፎስፈረሱን ያከማቸበት ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትና ዚንክን ጨምድዶ ይይዛል። ብቅል ማድረግና ማብላላት ይህን እጅ ያስለቅቃሉ።

ማሽላ የሚታማው በፕሮቲኑ ነው፤ ሐሜቱም እውነት አለው። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ይሠራል፤ ከእነዚህ 9ኙን የሰው አካል ራሱ ስለማይሠራቸው ከምግብ ማግኘት አለበት። ማሽላ ከነዚህ አንዱ በሆነው በላይሲን ድኻ ነው። በዚያ ላይ ካፊሪን የሚባለው ዋና ፕሮቲኑ በውስጡ ያለው ሰልፈር ሲሞቅ እርስ በርሱ ይተሳሰርና እንደተዘጋ ጎተራ ይሆናል። ብዙ ምግብ ሲበስል ለሆድ ሲቀል፣ የማሽላ ፕሮቲን ግን ሲበስል ይበልጥ ይከብዳል። አስቀድሞ ማብላላትና ብቅል ማድረግ ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ፤ የአያቶች ሙያ ሊከበር የሚገባው በዚህም ነው።

የላይሲኑ ጉዳይ የራሱ የኢትዮጵያ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም የማሽላ ስብስብ መካከል ላይሲናቸው ከተለመደው በግማሽ ያህል የሚበልጥ ሁለት ዝርያዎች ማግኘታቸውን አሳተሙ። ሁለቱም የተሰበሰቡት ከወሎ ነበር። ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ምርታቸውም አነስተኛ ስለሆነ ሰፊውን ማሳ አልያዙም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ብዙ የወሎ ገበሬዎች በአሶሳ ዙሪያ ሰፍረው ማሽላ ማረሳቸውን ቀጥለዋል። ለላይሲን ጉድለት ዛሬ ቅርቡ መፍትሔ በክልሉ በስፋት የሚመረተው አኩሪ አተር ነው፤ ፕሮቲኑ በላይሲን የበለጸገ ነው። ጥሬው ግን የሆድን ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር ስላለበት በሚገባ መብሰል አለበት። አንዱን የሚያጠብቀው እሳት ሌላውን ይፈታዋል፤ ሁለቱን አብሮ የሚያበስል ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ከአኩሪ አተሩ ሌላ በዚሁ ክልል የሚበቅለው የመተከል ሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ዘይቱ በቤት ሙቀት እንደ ቅቤ የማይረጋው የካርቦን ሰንሰለቶቹ ድርብ ትስስር ባለበት ቦታ ስለሚጎብጡና ተጠጋግተው መደርደር ስለማይችሉ ነው። ከገንፎው ጋር የሚቀርበው የባሚያ ወጥ ዝልግልግ የሚያደርገው ደግሞ እንደ ስታርች ከስኳሮች የተሠራ፣ ነገር ግን አሲድነት ያላቸው ስኳሮች የገቡበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀጥናል።

ተክል ግን የተሠራው ለሰው ምግብነት አይደለም፤ ራሱንም ይጠብቃል። ለጋ ማሽላ በቅጠሉና በቡቃያው ውስጥ ዱሪን የተባለ ንጥረ ነገር ያኖራል። ይህን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ከብት ሲያኝከው ግን ሁለቱ ይገናኙና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለቀቃል። ሳያናይድ ሕዋስ ኦክስጅንን የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ስለሚዘጋ እንስሳው አየር እየሳበ ይታፈናል። በድርቅ የተጎዳ ለጋ ማሽላ ይበልጥ አደገኛ ነው። ብቅልም ቡቃያ ነውና ከደረቀ በኋላ ታሽቶ ሥሩና ጭራው ቢበራይለት መልካም ነው።

የአገሪቱ የቆላ ቀርከሃ በስፋት የሚገኘው በዚህ ክልል ሲሆን ክረምት ላይ የሚወጣው ቡቃያው ይበላል። በቀርከሃ ቡቃያ ውስጥ የዱሪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ታክሲፊሊን ሊኖር ይችላል፤ ይህ ንጥረ ነገር በፈላ ውኃ ይፈርሳል፤ የሚወጣው ሳያናይድም በ26 ዲግሪ ገደማ ስለሚተን በቀላሉ በኖ ይሄዳል። ስለዚህ የቀርከሃ ቡቃያ የሚያበስል ሰው ስስ አድርጎ ይክተፈው፣ አየር በሚገባበት ቦታ ድስቱን ሳይከድን በደንብ ያፍላው፣ የተቀቀለበትንም ውኃ ይድፋው።