ጋሻው ወደ ጀርባ ሲዞር

ፈረሰኞች ዘንግ እየወረወሩ በሚሳደዱበት በጉግስ ጨዋታ እልልታው ለአሳዳጁ ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ደጋ የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር የነበረው የአርበኛው በላይ ዘለቀ አገር ነውና፣ ሰዉ ማጥቃትን ቢወድ አያስደንቅም። እኔ ግን ዓይኔን ከሚሸሸው ላይ አልነቅልም።

ሸሺው ልጓሙንና ጋሻውን በግራ እጁ አንድ ላይ ይዟል። ዘንግ ከኋላው ሲወረወር ጋሻውን ወደ ጀርባው ማዞር አለበት። ሲያዞር ልጓሙ ከተጎተተ ግን ፈረሱ አንገቱን ያቀናና ግልቢያው ይሰበራል። ስለዚህ ጎበዙ ልጓሙን አስቀድሞ ያላላል፤ ፈረሱን በጉልበቱና በተረከዙ ብቻ ይገዛል። በጥንቱ ልማድማ እርካቡ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት ናት! ደረቱን ጋማው ላይ ያስተኛል፤ ከወገቡ ጠምዘዝ ሲል ጋሻው ትከሻውን ተሻግሮ ጀርባው ላይ ይደርሳል። ደህና የጎሽ ቆዳ ጋሻ መሀሉ ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ዘንጉ ያገኘው እንደሆን ተንሸራቶ ይወድቃል። ቀድሞ የዞረ ፍጥነቱን ያጣል፤ የዘገየ ጀርባውን ይመታል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ዓይን ከመጨፈን አትረዝምም።

አሳዳጁም ቢሆን ሒሳብ አለበት። ከሩቅ ከወረወረ ይስታል። ለመቅረብ ብሎ ፈረሱን ሽምጥ ከለቀቀው ደግሞ ዘንጉ ከእጁ ከወጣ በኋላ መመለሱ ይከብደዋል። ያን ጊዜ ተሳዳጆቹ ዞረው አሳዳጅ ይሆናሉ።

የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞችም የሚጨነቁት በዚሁ በማጥቃትና በመመከት ሚዛን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004/05 የውድድር ዘመን በማይክ ዳንቶኒ የሚሠለጥነው የአሜሪካው የኤንቢኤ ቡድን ፊኒክስ ሰንስ ተጋጣሚው ተሰብስቦ ሳይቆም ኳሱን ወደ ቅርጫቱ እየላከ 62 ጨዋታ አሸነፈ። በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ግን በመከላከል የታወቀው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ 4 ለ 1 አሰናበተው። ደስ የሚለኝ የመጀመሪያው ጨዋታ ውጤት ነው፤ 121 ለ 114። ስፐርስ ጨዋታውን አቀዝቅዞ አልነበረም ያሸነፈው። እኩል እየሮጠ መከተ እንጂ። ዋንጫውንም በዚያው ዓመት ወሰደ።

ቆሞ መመከት ጋሻ ለያዘ ሁሉ ይቻላል። እየጋለቡ መመከት ግን ከውርወራው የሚበልጥ ሙያ ነው። በጥምቀትም ሆነ በሌላ በዓል ጉግስ የምታዘጋጁ የሞጣና የቢቸና ሰዎች፣ ሽልማት ስትመድቡ ፈረሱን ሳያዘገይ ዘንጉን በጋሻው ለመለሰውም አስቡለት።