ኀፍረት፥ ኅሊናና የጉማ ዋጋ

አውስትራሊያዊው የወንጀል ጥናት ሊቅ ጆን ብሬይትዌይት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት «ወንጀል፥ ኀፍረትና ዳግም መቀላቀል» የተባለው መጽሐፍ የያዘው ሐሳብ ብርቱ ነው። ወንጀልን ከቅጣት ይልቅ የሚያግደው ጥፋተኛው የሚያከብራቸው ሰዎች ወቀሳ ነው፤ ወቀሳው መልሶ የሚቀበለው ሲሆን ያርመዋል፥ ለዘለዓለም የሚያገልለው ሲሆን ግን ከብጤዎቹ ጋራ እንዲወግን ይገፋዋል ይላሉ። ስለ ኅሊና የጻፉትም ይመሰገናል። የጎረቤት ዐይን የሚደርስበት የተገለጠውን ጥፋት ብቻ ነው፤ በልጅነት በወላጅ ተግሣጽ የተቀረጸ ኅሊና ግን በስውር ለተሠራውም ወዲያው ይቀጣል።

ጥፋተኛውን መልሶ ስለ መቀበል የጻፉት ግን ሳስቶ ይታያል። ደራሲው የሚያተኩሩት በይቅርታ ቃል፥ በምልክትና በሥነ ሥርዓት ላይ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያለው ጉማ የሚያሳየው ሌላ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ካሳ ጎሣው አዋጥቶ የሚከፍለው ነው፤ ዕርቅ እስኪወርድና የማንጻቱ ሥርዓት እስኪፈጸም ድረስም የሁለቱ ወገን ሰዎች አብረው አይበሉም፥ አይጠጡም። ስለዚህ ቁጡውን ጎረምሳ «ተው» የሚለው አጎት ስለ ምግባር ብቻ አይናገርም፤ ነገ ከገዛ በረቱ ከብት የሚወጣበት እርሱ ነው። ወቀሳው የሚከብደው ዋጋ ስላለው ነው። በአንጻሩ፥ ዕዳው ለብዙዎች ሲከፋፈል የገዳዩ ኅሊና ያለ አግባብ እንዳይቀልለት ያሠጋል፤ ጉማን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ዘወትር ያልፉታል።

ከአርሲ ወደ አዳማ ሲመጡ አዋሽን ተሻግሮ የሚገኘው መልካሳ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የእርሻ ምርምር ጣቢያው በ1969 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመበት ይህ ስፍራ ከልዩ ልዩ አገር በመጡ ሠራተኞች የተሞላ ነው። ብሬይትዌይት የሰዎች ከቦታ ቦታ መዘዋወር የወቀሳን ኀይል እንደሚያደክም አልሳቱም። ነገር ግን ለመጤው ካሳ የሚያዋጣለት ማን ነው? ዕድር አባሉን ይቀብራል እንጂ ጉማ አይከፍልለትም።

መንግሥት ቢፈርድስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በነፍሰ ገዳይ ላይ የሚጥለው ቅጣት በጎሣዎች መካከል ያለውን ደም አያደርቅም፤ ዕርቁም ክሱን አያስቀርም። ደም ሳይታረቅ እስራቱን ጨርሶ የወጣ ሰው የሕግ ዕዳውን ከፍሏል፤ ወደ ቀዬው ሲመለስ ግን የሟች ወገን ያልተከፈለውን ይዞ ይጠብቀዋል።