ከርቀት የሚሰጥ የላቦራቶሪ ሥልጠና፦ ዓይን ተማረ፣ እጅስ?

በቪዲዮ ኮንፈረንስ የሚሰጥ ሥልጠና በጤናው ዘርፍ እየተስፋፋ መምጣቱ ይታወቃል። ለዚህ አርአያ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የተጀመረው የኤኮ ፕሮጀክት ነው። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርም የአህጉሪቱን ባለሙያዎች ለማገናኘት በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ደግሞ በርካታ ሥልጠናዎች ወደ ስክሪን ተዛውረዋል።

የዘዴው ጥቅም የሚካድ አይደለም። በባቱ፣ በመቂ ወይም በመተሐራ ለሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ለሥልጠና ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ማለት ብዙ ጊዜ የምርመራ ክፍሉን ለቀናት ያለ ሰው መተው ነው። ስክሪኑ ይህን ችግር ያቃልላል።

ይሁን እንጂ ማስረጃው የሚለውንና የማይለውን መለየት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ኤኮ የታተመው ጥናት 407 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማንን ተከታትሏል። በኤኮ አማካይነት በየአካባቢያቸው ከታከሙት 58.2 በመቶ፣ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ ከቫይረሱ ነጻ ሆነዋል። ውጤቱ የሕክምና ውሳኔ ዕውቀት በስክሪን ሊተላለፍ እንደሚችል ያሳያል። የእጅ ሙያ ግን በዚያ ጥናት አልተለካም።

ልዩነቱ በወባ ምርመራ ጎልቶ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም ይገኛሉ። ቫይቫክስ ፋልሲፓረም ተብሎ ከተነበበ፣ ሕሙሙ በጉበት የተደበቀውን ተውሳክ የሚያጠፋውን ለተከታታይ ቀናት የሚሰጥ ፕሪማኪን ሳያገኝ ይቀርና በሽታው ያገረሽበታል። የጊምሳ ቀለም የሚበጠበጥበት ባፈር ፒኤች 7.2 ሊሆን ይገባል። ከዚህ ካነሰ የቫይቫክስ መለያ የሆኑት የሹፍነር ነጠብጣቦች ላይታዩ ይችላሉ፤ ከበዛ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት ወደ ሰማያዊነት ያደላሉ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ አልካላይን ነው። አሠልጣኙ የተሳካ ስላይድ በስክሪን ሲያሳይ፣ ሠልጣኙ በምን ውሃ እንደበጠበጠና እንዳጠበ አያይም። ካሜራውም ቀለሙን በራሱ ስለሚያስተካክል የተበላሸው ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። የደም ቅቡ ውፍረት፣ የፒፔት አያያዝና የማይክሮስኮፕ ማስተካከያም በማየት ብቻ አይለመዱም።

እንግዲህ ጉድለቱ ያለው በቴክኖሎጂው ሳይሆን በአጠቃቀሙ ነው። አንደኛ፣ ካሜራው ከአሠልጣኙ ፊት ይልቅ ወደ ሠልጣኙ ጠረጴዛና እጅ መዞር አለበት። ሁለተኛ፣ ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ስላይዶችና የተመዘነ ባፈር ከሥልጠናው በፊት በየጤና ተቋሙ መድረስ ይኖርባቸዋል። ሦስተኛ፣ በሠልጣኙ አጠገብ ቆሞ እጁን የሚያርም ልምድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህን ባለሙያ ለመመደብ ለአካባቢው ከተሞች የሚቀርበው የአዳማ የክልል ላቦራቶሪ ነው። አራተኛ፣ ከሥልጠናው በኋላ የሠልጣኞቹ ስላይዶች የመጀመሪያውን ንባብ በማያውቅ ሌላ አንባቢ እንደገና ሊታዩ ይገባል።

የሥልጠና ሪፖርቶች ብዙውን ጊዜ ስንት ሰው እንደተከታተለ ይቆጥራሉ። ለሕሙሙ የሚጠቅመው ቁጥር ግን በትክክል የተነበበው ስላይድ ብዛት ነው። ይህ እስካልተለካ ድረስ ከርቀት የሚሰጠው ትምህርት ጥሩ ገለጻ ሊባል ይችላል፤ የተግባር ሥልጠና ለመባል ግን ገና ይቀረዋል።