ዋንደር፦ ጀግና ወይስ ስውር እኩይ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልቦለድ ኮርስ ላይ ተማሪዎቼ አንድ ዋና ገፀ ባሕርይ መርጠው አሳሳሉን እንዲተነትኑ አዝዤ ነበር። አንዱ ተማሪ ገፀ ባሕርዩን ከልቦለድም ከተውኔትም ሳይሆን ከቪዲዮ ጨዋታ መርጦ መጣ። የጽሑፉ መከራከሪያም ባጭሩ «ጀግናው በስውር እኩይ ነው» የሚል ነበር። እኔም ከኮርሱ ወሰን ወጥቷል ብዬ ዝቅተኛ ውጤት ሰጠሁት። ጨዋታውን ግን አላየሁትም። ያላነበቡትን መጽሐፍ መሄስ ነውር መሆኑን በየዓመቱ የማስተምር ሰው ያላየሁትን ሥራ ፈረድኩበት። ባለፈው ክረምት በእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ስለዚህ ይህ መጣጥፍ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው፤ በከፊል ይቅርታ፣ በከፊል ክርክር።

ሥራው «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» ይባላል፤ በአማርኛ «የግዙፉ ጥላ» ልንለው እንችላለን። በጃፓናዊው ፉሚቶ ኡኤዳ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ቀርቧል። ታሪኩ አጭር ነው። ዋንደር የተባለ ወጣት ሞኖ የተባለች የሞተች ልጃገረድ አግሮ በሚባለው ፈረሱ ላይ ጭኖ መግባት ወደተከለከለ ምድር ይመጣል። ልጅቷ ዕጣዋ የተረገመ ነው ተብላ የተሠዋች ናት። በመቅደሱ ውስጥ ዶርሚን የሚባል አካል የሌለው ድምፅ፣ በምድሪቱ ያሉት 16 ግዙፋን ቢገደሉ ነፍሷን መመለስ ይቻል ይሆናል ይለዋል። ዋንደር ግዙፋኑን የሚገድልበት ሰይፍ የተሰረቀ ነው።

የተማሪው ማስረጃ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ያረፈ ነበር። ግዙፋኑ ለካ ከጥንት ጀምሮ ለ16 ተከፍሎ የታሰረው የዶርሚን ኃይል ማደሪያ ኖረዋል፤ ዋንደር አንድ በገደለ ቁጥር የታሰረውን ይፈታል፣ በመጨረሻም ራሱ የዶርሚን ማደሪያ ይሆናል። እንግዲህ ጀግና መስሎን የተከተልነው ሰው እኩይ ነበር ማለት ነው።

የምከራከረው «በስውር» በምትለው ቃል ላይ ነው። ስውር እኩይ እንዲኖር ደራሲው ከአንባቢ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይገባል፤ በወንጀል ምርመራ ልቦለዶች እንደምናየው ማለት ነው። እዚህ ግን የተደበቀው እጅግ ጥቂት ነው። የምድሪቱ መከልከል፣ ዶርሚን ዋጋው ከባድ ሊሆን እንደሚችል ማስጠንቀቁ፣ ዋንደርም ግድ የለኝም ማለቱ፣ ሁሉም ገና ሲጀመር ተነግሮናል። አንድ ግዙፍ ሲወድቅ ጥቁር ጅራፍ መሰል ነገር ከሬሳው ወጥቶ ዋንደርን ይወጋዋል። ፊቱ እየገረጣ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ቀንድ ማብቀል ይጀምራል። ንግር የምንለው ስልት እንዲህ ሲደጋገም ንግር መሆኑ ቀርቶ ግልጽ ንግግር ይሆናል። ሙዚቃውም ቢሆን አያታልልም፤ የኮ ኦታኒ ዜማ ግዙፉ ሲወድቅ የድል ሳይሆን የለቅሶ ነው። ታዲያ ለምን ሳናይ ቀረን? ዋና ገፀ ባሕርይንና ጀግናን አንድ አድርገን ማየት ስለለመድን ይመስለኛል። (በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በፈተና ጥያቄዎቻችንም ሁለቱን ቃላት እናምታታለን፤ እኔም አምታትቻለሁ።)

በተለይ በ13ኛው ግዙፍ ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ። በበረሃ አሸዋ ውስጥ የሚኖር፣ እንደ እባብ የረዘመ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ፍጡር ነው። ከአሸዋው ሲነሣ ሰማዩን ይሞላዋል፤ ሆኖም አንድም ጊዜ ዋንደርን አያጠቃም። ተጫዋቹ በሆዱ ሥር ያሉትን አየር የተሞሉ ከረጢቶች በቀስት እየወጋ ዝቅ እንዲል ያደርገዋል፤ ፈረሱን እየጋለበ ክንፉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጀርባው ላይ ወጥቶም በሰይፍ ይወጋዋል። ከመተኮሴ በፊት ጆይስቲኩን አስቀምጬ ተነሣሁ። ግዙፉ ዝም ብሎ ሰማዩን ይዞራል። መጽሐፍ ብዘጋ ገፀ ባሕርዩ የሚፈጽመው ግድያ በቀጣዩ ገጽ ላይ ተጽፎ አልቋል፤ የእኔ ማንበብ አይጨምርበትም፣ አለማንበቤም አይቀንስለትም። እዚህ ግን እኔ ካልተኮስኩ ምንም አይሆንም። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና ተኮስኩ። ምክንያቴ የሚቀጥለውን ለማየት መጓጓት ብቻ ነበር። ዋንደር ቢያንስ የሞተችበት ሰው ነበረችው።

ከተውኔት ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በአማርኛ የቀረበው ማክቤዝ ዋና ገፀ ባሕርይም እኩይም ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡን ከመግደሉ በፊት ለብቻው ከራሱ ጋር ሲሟገት እንሰማዋለን፤ ኃጢአቱ በራሱ አንደበት የተነገረ የእሱ ኃጢአት ነው። ዋንደር ግን ከመግቢያው በኋላ ፈረሱን ከመጥራት በቀር የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህ ዝምታ የአሳሳል ጉድለት ነው የሚል ኀያሲ ሊኖር ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ማክቤዝ በንግግሩ የሚሞላውን ቦታ እዚህ የሚሞላው ተጫዋቹ ነው።

ዋንደርን እኩይ ብንለው ደግሞ ተቃራኒውን ሠናይ ማን ሊሆን ነው? ወታደሮች አስከትሎ የሚደርሰው መሪው ኤሞን ስለ አደጋው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን እሱ የሚጠብቀው ሥርዓት አንዲት ልጅ ለዕጣዋ ስትባል የተሠዋችበት ዓለም ሥርዓት ነው። ማን እንደሠዋት በግልጽ ባይነገርም ጥያቄው ከኤሞን ራስ አይወርድም። ዶርሚን በበኩሉ ቃሉን ይጠብቃል፤ ሞኖ ትነቃለች። እኩይ የተባለው ቃሉን ሲጠብቅ፣ ጠባቂ የተባለው ሥርዓቱ ደም ያለበት ሲሆን፣ ተማሪው ዋንደርን ከአንዱ ረድፍ አንሥቶ በሌላው ማስቀመጡ ብዙ አያስኬድም። ሆኖም ጥያቄውን ማንሣቱ ከእኔ ፍርድ የተሻለ ንባብ ነበር፤ ውጤቱም ይህን ማንጸባረቅ ነበረበት።

በመጨረሻ ዋንደር ጥቁር ግዙፍ ይሆናል፤ ጆይስቲኩ ግን አሁንም በእጄ ነው። ወታደሮቹ ከእግሬ ሥር ይሯሯጣሉ፤ እኔ ክንዴን እስካነሣ ቦታውን ለቀዋል። ያን ጊዜ ነው እኔ የገደልኳቸው ምን ያህል ከባድና ዘገምተኛ እንደነበሩ የገባኝ። ኤሞን ሰይፉን ወደ መቅደሱ ገንዳ ሲወረውር ብርሃኑ ሁሉን ወደ ውስጥ ይስባል። ዋንደር ወደ ሰው ቁመቱ ተመልሶ ይንገዳገዳል፤ ደረጃውን መያዝ ይቻላል፣ መቆየት ግን አይቻልም። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ «ጋሼ፣ ልቀቀው፤ አይታለፍም እኮ» አለኝ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ።