«ስንት ጊዜ?» የሚለው ቁጥር ያልነገረን

የሮቤና የጎባ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ፦ የባሌ ገበሬ ካመረተው ስንዴ ለዘር ያስቀምጣል፣ ያበጥራል፣ በወንፊት ይነፋል፣ መልሶ ይዘራል። ወንፊቱ ጠጠሩንና ገለባውን ይለያል። ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ከርሞ ዛላውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠውን በሽታ ግን አይለይም። የታመመችውም ፍሬ ጤነኛ ትመስላለች።

ታይታኒየምም እንዲሁ ነው። በብረት ስሪዲ ኅትመት ደቃቅ የታይታኒየም ዱቄት በስሱ ይነሰነስና የኤሌክትሮን ጨረር የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ንብርብር ይነሰነሳል። ያልቀለጠው ዱቄት ተነፍቶ ለቀጣዩ ሥራ ይመለሳል። ዋጋው ውድ ነውና ማን ይጥለዋል? ታዲያ ስንት ጊዜ መመለስ ይቻላል?

ታንግ፣ ቺያንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ አዘውትሮ ይጠቀሳል። ስድስት በመቶ አሉሚኒየምና አራት በመቶ ቫናዲየም ያለበትን የታይታኒየም ዱቄት 21 ጊዜ መልሰው ተጠቀሙበት። ጥናቱ ጥሩ ነው፤ የዱቄቱን ኬሚስትሪ፣ ቅርጽና አፈሳሰስ እየተከታተለ ለክቷል። ከ16 ዙር በኋላ አንዳንድ ቅንጣቶች ቅርጻቸው ተዛብቶ ገጻቸው ሻክሯል። የሚገርመው ግን ያገለገለው ዱቄት ከአዲሱ የተሻለ ይፈስ ነበር! የመጎተት ፈተናውም ደህና ወጣ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ብዙ አንባቢ ይዞ የወጣው «21 ጊዜ ይቻላል» የሚለውን ነው። እኔ ግን ትልቁ ውጤት ሌላ ይመስለኛል፦ ኦክስጅን ከ0.08 በመቶ ወደ 0.19 በመቶ ወጣ። የኦክስጅን አቶሞች በታይታኒየም አቶሞች መካከል ይወሸቃሉ። ብረቱ ይጠነክራል፣ ግን ሳይሰበር የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። ለተለመደው ዓይነት ጣሪያው 0.20 በመቶ ነው፤ ለዳሌ መገጣጠሚያ ምትክና መሰል የሰውነት ክፍሎች ለሚውለው ንጹሕ ዓይነት 0.13። ስለዚህ ያው ዱቄት ለአንዱ ሥራ ለጥቂት ያልፋል፣ ለሌላው ግን ከ21ኛው ዙር በፊት ወድቋል። ወንፊት ይህን አያይም።

የመጎተት ፈተና ደግሞ ናሙናውን አንድ ጊዜ ስቦ መበጠስ ነው። የአውሮፕላን ክፍል ወይም የሰው ዳሌ እኮ አንድ ጊዜ አይጎተትም፤ ሚሊዮን ጊዜ ይጫናል፣ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት 69 ጊዜ የተመለሰ ዱቄትን ሲፈትን፣ በእንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣውን ድካም የመቋቋም አቅም ከአዲሱ በግልጽ አንሶ አገኘው።

ቁጥሩ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራም አይሻገርም። አንዱ በየዙሩ አዲስ ዱቄት ይቀላቅላል፣ ሌላው አይቀላቅልም። አንዱ በቫኪዩም ውስጥ ያትማል፣ ሌላው በአርጎን ጋዝ። ዱቄቱ ክፍት አየር ላይ የሚቆይበት ሰዓትና የአየሩ እርጥበትም ይለያያል፤ ሮቤ በዝናብ ወራት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግርም። «10ኛ ዙር» የሚለው ምልክት ለሁለቱ ፈጽሞ አንድ ነገር አይደለም።

ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ለመግዛት የተስማማው ቦይንግ 777-9 የሚበርበት ጂኢ9ኤክስ ሞተር፣ ከተርባይን ምላጮቹ የተወሰኑት በኤሌክትሮን ጨረር ከታይታኒየምና አሉሚኒየም ቅይጥ ዱቄት የታተሙ ናቸው። ቅይጡ ሌላ ቢሆንም የተረፈው ዱቄት ጥያቄ ያው ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ በበርሜሉ ላይ የዙር ቁጥር ብቻ ተጽፎ ባይ፣ የመጨረሻው የኦክስጅን ልኬት መቼ እንደተወሰደና ስንት እንደነበር እጠይቃለሁ።