ሶሎው የማን ነው?

የድሮ ሮክ ከሚወድ ሰው ጋር ከተቀመጣችሁ አንድ ክርክር አይቀርላችሁም። በ1964 የወጣው የኪንክስ ዘፈን፣ «ዩ ሪሊ ጎት ሚ»፣ ውስጥ ያለውን የጊታር ሶሎ የተጫወተው ማን ነው? ጥያቄው ሳያልቅ «ጂሚ ፔጅ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስል ነበር፤ ያውም በሙሉ ልብ።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ፔጅ ሌድ ዜፕሊንን ከመመሥረቱ በፊት ለንደን ውስጥ እየተቀጠረ በሌሎች ሰዎች ቀረጻ ላይ ይጫወት ነበር። እንዲህ ያሉት ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ይገባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ሽፋኑ ላይ የሚቀረው የባንዱ ስም ነው። በኪንክስ የመጀመሪያ አልበም ላይም ፔጅ በጥቂት ዘፈኖች አጅቧል። ይህን ሶሎ ግን አልተጫወተም። ራሱ ፔጅ እኔ አይደለሁም ብሏል፤ ፕሮዲውሰሩ ሼል ታልሚም እሱ አይደለም ብሏል። የተጫወተው የባንዱ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ ነው። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ያ ሻካራ የጊታር ድምፅም የእሱ ነው፤ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ተልትሎ ያመጣው።

አሁን ዘፈኑን መልሳችሁ ስሙት። ሶሎው ይጣደፋል፣ ይደናቀፋል፣ ሊወድቅ ሲል ይነሳል። የልጅ እጅ ነው፤ ከሐሳቡ ቀድሞ የሚሮጥ። ግን እዚህ ላይ ራሴን ልያዝ። ፔጅ ነው ስል በነበረበት ጊዜም ማስረጃዬ ይኸው ጆሮዬ ነበር። ያኔ ጥድፊያው የታላቅ ጊታሪስት ድፍረት መስሎኝ ነበር። ጆሮ አንዴ ስም ከነገሩት በኋላ የሚሰማው ስሙን ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘፈን ላይ ስሙ ያልተጻፈ ቅጥር ሙዚቀኛ በእርግጥ አለ። ከበሮውን የመታው ቦቢ ግራሃም የባንዱ አባል አልነበረም። ስለ እሱ ግን ማን ይከራከራል? ስንፈልግ የነበረው የተረሳ ሰው ሳይሆን አስቀድመን የምናውቀውን ዝነኛ ነበር። ፍለጋችን ስም ለሌለው ስም ከመስጠት ይልቅ ከ17 ዓመት ልጅ ቀምቶ ለባለስሙ ሰጠ።

በተቃራኒው የኤሮስሚዝን «ትሬን ኬፕት ኤ ሮሊን» ውሰዱ፤ በ1974ቱ «ጌት ዩር ዊንግስ» አልበም ላይ ያለውን። ሽፋኑ ላይ ጊታሪስቶቹ ጆ ፔሪ እና ብራድ ዊትፎርድ ናቸው። ሶሎዎቹን ግን የተጫወቱት ስቲቭ ሐንተር እና ዲክ ዋግነር ናቸው፤ ሐንተር ቀስ ብሎ በሚሄደው የመጀመሪያ ክፍል፣ ዋግነር በሚፈጥነው ሁለተኛ ክፍል። የሚጮኸው ሕዝብ እንኳ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። ስንቱ ልጅ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ «የፔሪን» ሶሎ ሲያጠና ኖሯል! ዋግነር በ1976 በኪስ «ዲስትሮየር» አልበም ላይም ስሙ ሳይጠቀስ ተጫውቷል።

ስም መቅረት ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ኤሪክ ክላፕተን በ1968 በቢትልስ «ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» ላይ ሲጫወት ስሙ አልተጻፈም፤ ግን ይኸው ሁላችንም እናውቃለን። ስም ያለው ሰው ስሙ ባይጻፍም ይገኛል። የሚጠፋው ሌላው ነው።

ይሄ ጉዳይ ለምን እንደሚከነክነኝ ልናገር። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። እኛ ጋ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳይ «ጊት ብሌም» የሚባል ትዕዛዝ አለ። ድሮ በምሠራበት ቦታ ሒሳብ የሚያስታርቅ ኮድ ሦስት ወር ለፍቼ ጻፍኩ። ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የቀድሞ ታሪኩ አብሮ አልሄደም፤ መስመሩ ሁሉ ባዛወረው ልጅ ስም ተመዘገበ። ማንም ሊሰርቀኝ አላሰበም። ከዓመት በኋላ አንዲት አዲስ ባልደረባችን ያንኑ ኮድ ከፍታ አሳየችኝና «እሱ እኮ አንደኛ ነው፣ አጻጻፉ ራሱ ያስታውቃል» አለችኝ። የራሴን ኮድ! ዝም አልኩ። እሷም እንደኔ ስሙን አይታ ነው እጁን ያወቀችው።

ስለዚህ አሁን ቅደም ተከተሌን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ፣ እዚያ የነበሩት ምን አሉ? ቀጥሎ፣ የክፍያ ወረቀት አለ? አሜሪካ ውስጥ የሙዚቀኞች ማኅበር የቀረጻ ውል ላይ የተጫዋቾቹ ስም ይሰፍር ነበር፤ ብዙ የስቱዲዮ ሰዎች የታወቁት በዚያ ነው። ጆሮዬን የማምነው ከዚያ በኋላ ነው። «ይሄ እከሌ ነው» ብዬ ከመፍረዴ በፊትም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከተሳሳትኩ የማንን ሥራ ነው የምወስደው?

ለልጅቷ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።