የግሬይ አናቶሚ አጥንቶች፦ ምስጋናና ቅሬታ

ሄንሪ ግሬይ የጻፈውና ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር በሥዕል ያደራጀው የአናቶሚ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ከአዋቂ ሰው 206 አጥንቶች 126ቱ የእጅና የእግር፣ እንዲሁም እነዚህን ከግንደ አካል ጋር የሚያያይዙት የትከሻና የዳሌ መታጠቂያ አጥንቶች ናቸው። ስለሆነም መጽሐፉ እነዚህን እንዴት እንዳቀረበ መመዘን ዋና ባሕርዩን መመዘን ነው።

ሥዕሎቹ ዛሬም ይደነቃሉ። ካርተር ስሞቹን በሥዕሉ ላይ ጻፈ፤ ጡንቻዎች የሚጣበቁባቸውን ቦታዎችም በነጠብጣብ መስመር ከልሎ አሳየ። ተማሪው ከሥዕል ወደ ማብራሪያ ዝርዝር እየተመላለሰ አይደክምም። ክላቪክል መላውን እጅ ከደረት አጽም ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ የአጥንት ድልድይ መሆኑን ከሥዕሉ የተረዳ ተማሪ፣ በትከሻው የወደቀ ሰው ለምን ይህን አጥንት እንደሚሰብር ለመገመት አይቸገርም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። አጥንቱ ከደም ቧንቧውና ከነርቩ ተለይቶ ለብቻው ሲቀርብ፣ የተማሪው ዓይን ባዶ አጥንት ማየት ይለምዳል። በአንድ የገጠር ሆስፒታል ስሠራ፣ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ከክርኑ ከፍ ብሎ የተሰበረ ልጅ አመጡልን። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ካሰረው ቀናት አልፈው ነበር። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ቀዝቅዘዋል። እጁን ከመቁረጥ በቀር ምርጫ አልነበረንም። ስብራቱ ሊድን የሚችል ነበር፤ ከፊቱ የሚያልፈውን የደም ቧንቧ ግን ያሰበለት አልነበረም። ወጌሻውን ብቻ መውቀስ ይቀልላል። ይሁን እንጂ እኛም ጀሶ ካሰርን በኋላ የጣቶቹን ሙቀትና የደም ትርታውን ሳንመረምር በሽተኛ የምናሰናብትበት ጊዜ አለ።

ለመጽሐፉ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ግሬይ ከመነሻው ለቀዶ ሕክምና የሚጠቅሙ ማስታወሻዎችን አካትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው 39ኛው እትም ደግሞ ከሥርዓተ አካል ይልቅ በአካል ክፍል ተደራጅቶ፣ አጥንትን ከጎረቤቶቹ ጋር አቅርቧል። ይህ የሚመሰገን እርምት ነው። ሆኖም መጽሐፍ ቢታረም የማስተማር ልማድ ካልታረመ ትርፉ ጥቂት ነው። የአጥንቱን ስም የሚጠይቅ መምህር፣ አያይዞ «በአጠገቡስ ምን ያልፋል?» ብሎ ይጠይቅ። የዚያን ልጅ እጅ ሊያተርፍ ይችል የነበረው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።